«ግራንድስታንድ» እና የቅዳሜዋ 10፡40

ቅዳሜ ቅዳሜ በእንግሊዝ ምድር ሰው ሻይውን አስቀምጦ አፉን የሚዘጋበት ሰዓት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10፡40 ገደማ መሆኑ ነው። የሶስተኛ ክፍለ ጊዜ ነገር የለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጀመሩት ጨዋታዎች አልቀዋል፤ ውጤታቸው ግን ገና አልታወቀም። በቢቢሲው «ግራንድስታንድ» ላይ ፊደላት አንድ በአንድ እየተለቀሙ ይመጣሉ። መጀመሪያ ባለሜዳው፣ ቀጥሎ ጎሉ፣ ከዚያ የእንግዳው ስም፣ ከዚያ... ያቺ የመጨረሻዋ ቁጥር እስክትወጣ ስንቱ ጥፍሩን በልቷል!

ለመሆኑ ጨዋታውን ራሱን ለምን አያዩትም ነበር? ምክንያቱም ሰው ስታዲየም መግባቱን እንዳይተው ተብሎ ከ1960ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ጨዋታ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በቀጥታ አይታይም። የአዲስ አበባ ልጅ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ያየውን ጨዋታ የማንቸስተሩ ልጅ እቤቱ ሆኖ አያየውም ማለት ነው። ለሱ የቀረችለት መጠበቅ ብቻ ነበረች።

ፕሮግራሙ የተጀመረው ቅዳሜ ኦክቶበር 11 ቀን 1958 ሲሆን የመጀመሪያው አቅራቢ ፒተር ዲሞክ ነበር። ከሱ በኋላ ዴቪድ ኮልማን፣ ፍራንክ ቦው፣ ሪዛሙ ዴስ ላይናምና ስቲቭ ራይደር ተራ በተራ ወንበሩን ይዘውታል። ኮልማን ውጤቱ ገና ከመውጣቱ ቡድኑ በደረጃ ሰንጠረዡ ስንተኛ እንደሆነ ካፉ ነጠቅ አድርጎ በመናገር ይታወቅ ነበር። ውጤቱን የሚያነበው ደግሞ ሌን ማርቲን ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በ1995 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ አንብቧል። «ፑልስ» በሚባለው ውርርድ ገንዘባቸውን ያስያዙ ሰዎች አቻ መሆን አለመሆኑን ከድምፁ አወራረድ ይገምቱ ነበር።

ሁሉም ቅዳሜ ግን የደስታ አልነበረም። አፕሪል 15 ቀን 1989 የሂልስቦሮው አደጋ ደረሰ። እንግሊዛውያን ያንን መርዶ የሰሙት በዚያው በለመዱት ፕሮግራም ነው።

ኋላ ላይ ግን ቢቢሲ የማሰራጨት መብቱን አንድ በአንድ ተነጠቀ። ፎርሙላ ዋን በ1997 ወደ አይቲቪ፣ የእንግሊዝ ቴስት ክሪኬት በ1999 ወደ ቻናል ፎር ሄዱ። በዚያው 1999 ላይናም ራሱ ወደ አይቲቪ ተሻገረ። በ2006 ቢቢሲ ዘመኑ የዲጂታል ነው ብሎ ፕሮግራሙን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ቅዳሜ የተወለደው «ግራንድስታንድ» እሁድ ጃንዋሪ 28 ቀን 2007 አበቃ። 50 ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረውም ነበር።

የሚገርመው የውጤት ክፍሉ አለመሞቱ ነው። «ፋይናል ስኮር» ተብሎ ለብቻው ቀጥሏል። ዳሩ ምን ያደርጋል! ዛሬ ጎሉ በየሰው ኪስ ውስጥ በሞባይል ይጮሃል። አንዱ ቀድሞ ያውቃል፣ ሌላው «አትንገረኝ!» ይላል። የድሮ ተመልካቾች የሚናፍቁት ውጤቱን አይደለም። አባትና ልጅ አንዲትን ቁጥር እኩል የሚጠብቁባትን፣ እኩል የሚጮሁባትን ያቺን የቅዳሜ 10፡40 ነው።