ጅማትን ከተረከዝ አላቅቆ መልሶ መትከል

የባታችንን ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው የአኪለስ ጅማት ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ትልቁና ጠንካራው ነው። ሆኖም ከአጥንቱ ጋር በሚጣበቅበት ሥፍራ ሲታመም ሕክምናው አስቸጋሪ ነው። እዚያ የጅማቱ ክሮች ያረጃሉ፤ አንዳንዴም በውስጣቸው አጥንት ይበቅላል። የተረከዙ የኋላ ጫፍ ጎበጥ ያለ ከሆነ ደግሞ፣ የእግራችን ፊት ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር ጅማቱን ይጫነዋል። ይህ ጉብታ በስዊድናዊው ሐኪም በፓትሪክ ሃግሉንድ ስም ይጠራል።

ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ዕረፍት፣ የጫማ ተረከዝን ከፍ ማድረግና የባት ልምምድ ለወራት ተሞክረው ሳይበጁ ሲቀሩ ነው። በተለመደው ዘዴ ሐኪሙ ጅማቱን ከመካከሉ ሰንጥቆ የታመመውን ክፍል ያወጣል፤ ጉብታውንም ቆርጦ ያስተካክላል። ለዚህ ሲባል ግን ጤነኛው ክር ጭምር በከፊል ከአጥንቱ ይላቀቃል። ለማዳን ማላቀቅ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ የሥራው ክብደትም በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ ነው። የተላቀቀው ጅማት ክር በታሰረባቸው፣ አጥንት ውስጥ በሚተከሉ ጥቃቅን መልህቆች ተመልሶ ይያያዛል። ከግማሽ በላይ ከተወገደ ደግሞ የእግርን አውራ ጣት የሚያጥፈው ጎረቤት ጅማት ተዛውሮ እንዲያግዘው ይደረጋል።

ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ ቶሎ አይድንም። ታካሚው ሙሉ ብርታቱን እስኪያገኝ እስከ 1 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ ያለጊዜው ከሮጠም የተተከለው ጅማት እንደገና ሊነቀል ይችላል።