ሽንሸና ላይ መጀመሪያ መንገዱ ይቀየስ

የማህበር ቤት ልትሠሩ ቦታ እየተረከባችሁ ከሆነ ይህችን አንብቧት። አዲስ ሽንሸና ላይ ቀያሽ ከአጥር ችካል በፊት የመንገዱን መሃል መስመር ያወጣል። መነሻው፣ መገናኛውና መታጠፊያው ሁሉ ከቋሚ መነሻ ነጥቦች ተነስቶ በቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን በሚለካው መሣሪያ) መሬት ላይ ይወርዳል። ከዚያ የመንገዱ ስፋት ግማሽ ወደ ግራና ቀኝ ይለካል፤ መንገዱ 10 ሜትር ከሆነ ወሰናችሁ ከመሃሉ 5 ሜትር ላይ ነው።

አንዳንዱ ግን ከጎረቤት አጥር ጀምሮ በሜትር እየለካ ይቀጥላል። በየቦታው 5 ሳንቲሜትር ቢያልፍ 20ኛው ቦታ ላይ ስህተቱ 1 ሜትር ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላውም መንገዱ ነው።

ሌላው ወጥመድ ስልካችን ነው። ብዙው የአገራችን ካርታ የተሠራው በአዲንዳን ዳተም (የካርታ መለኪያ መነሻ ሥርዓት) ሲሆን የስልክ ጂፒኤስ የሚያነበው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳይቀየር ከተነጻጸረ አዲስ አበባ ላይ ቦታችሁ ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ይታያችኋል። (በዚህ ሰበብ ስንት ጭቅጭቅ አይቻለሁ!)

ዶዘር ሲገባ የመሃሉ ችካል መነቀሉ አይቀርም። ስለዚህ ከቁፋሮው ውጪ በኮንክሪት የታሰረ የፌሮ ችካል እንዲተከል፣ ከመሃሉ ያለው ርቀትም ፕላኑ ላይ እንዲጻፍ ቀያሹን ጠይቁ፤ መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት።