በጃፓን ገጠር በገበሬ ቤት ማደር፦ የአጂሙ መንደሮች ተሞክሮ

ለሥልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ለጉብኝት ወደ ጃፓን የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በቶኪዮ፣ በኦሳካ ወይም በሌላ ትልቅ ከተማ ነው። ፈጣኑን ባቡር፣ የፋብሪካውን የሥራ ዲሲፕሊንና የመንገዱን ንጽሕና አይቶ ይመለሳል። ጃፓናዊ ቤተሰብ በቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ግን ሳያይ የሚመለሰው ይበዛል። ይህን ማየት ለሚሻ ሰው የተከፈተ ሌላ በር አለ። ይኸውም በጥቂት ሰዎች ቡድን ወደ ገጠር ወርዶ በገበሬ ቤት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ማደር፣ ከባለቤቶቹ ጋር አብሮ ማብሰልና በማሳቸው ላይ አብሮ መዋል ነው። ጃፓናውያን ይህን «ኖሃኩ» ይሉታል። ቃሉ «ግብርና» እና «ማደር» የሚል ፍች ካላቸው ሁለት ፊደላት የተጣመረ ነው።

ኖሃኩ ዛሬ የጃፓን መንግሥት በይፋ የሚያበረታታው የቱሪዝም ዘርፍ ነው። ሆኖም ጅማሬው ከመንግሥት ዕቅድ ሳይሆን ከጥቂት ገበሬዎች ሐሳብ የመነጨ ነበር። ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሳው አጂሙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጂሙ በደቡብ ጃፓን በኪዩሹ ደሴት፣ በኦይታ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ክፍል፣ በተራሮች መካከል የሚገኝ ጎድጓዳ ሥፍራ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም የሚሞላው ይህ አካባቢ በወይን ምርቱ ይታወቃል። ቀድሞ ራሱን የቻለ ትንሽ ከተማ የነበረ ሲሆን በ2005 ከአጎራባቾቹ ጋር ተዋህዶ የኡሳ ከተማ አካል ሆኗል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በመንግሥት ድጋፍ ሰፋፊ የወይን እርሻዎች ቢለሙም ወጣቱ ወደ ከተማ መፍለሱን አላቆመም። ገበሬው እያረጀ፣ ገበያው እየጠበበ ሄደ። በዚህ ጊዜ ጥቂት የወይን አምራቾች የጀርመን ገበሬዎች በቤታቸው እንግዳ ተቀብለው ተጨማሪ ገቢ ከሚያገኙበት አሠራር ትምህርት ወሰዱ፤ ወደ ጀርመንም እየሄዱ ጎበኙ። በ1996 ገበሬ ያልሆኑ የአካባቢው ነዋሪዎች ጭምር የተሳተፉበት የአጂሙ ግሪን ቱሪዝም ጥናት ማኅበር ተመሠረተ።

ችግሩ የመጣው ከሕግ ነበር። ጃፓን በ1994 በገጠር አካባቢዎች የዕረፍት ጊዜ ቆይታን ለማስፋፋት የሚያስችል ሕግ አውጥታለች። በሌላ በኩል ደግሞ በ1948 የወጣው የእንግዳ ማረፊያ ንግድ ሕግ በሥራ ላይ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ገንዘብ ተቀብሎ እንግዳ የሚያሳድር ሁሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ዝቅተኛውን የፈቃድ ዓይነት ለማግኘት እንኳ የእንግዳ ክፍሎቹ ጠቅላላ ስፋት ከ33 ካሬ ሜትር እንዳያንስ ይጠየቅ ነበር። ምግብ ለመሸጥም የቤተሰቡ ማዕድ ቤት አይበቃም፤ ለእንግዳ የተለየ ማዕድ ቤት መሥራት ያስፈልግ ነበር። ለአንዲት አረጋዊት ገበሬ ይህ የማይታሰብ ወጪ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ይበረታታ የሚለውን ሌላው መሥሪያ ቤት የሚከለክልበት እንዲህ ያለ ሁኔታ ለማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይሆንበትም።

የአጂሙ ሰዎች ሕጉ እስኪሻሻል አልጠበቁም። እንግዶቹን የማኅበሩ አባላት አድርገው መዘገቡ። የሚቀበሉትን ገንዘብም የመኝታ ኪራይ ሳይሆን የገጠር ኑሮ ተሞክሮ ክፍያ አሉት። አካሄዱ ብልሃት ያለው ቢሆንም አስተማማኝ አልነበረም፤ የጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ሕገ ወጥ ነው ቢል የሚከራከርላቸው አንቀጽ አልነበራቸውም።

መፍትሔው የመጣው ከክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ነው። በመጋቢት 2002 የኦይታ አስተዳደር ለሥር መሥሪያ ቤቶቹ ባስተላለፈው ሰርኩላር ነባሮቹን ሕጎች እንዴት መተርጎም እንደሚገባ ገለጸ። ገበሬዎች በመኖሪያ ቤታቸው ቀላል የማረፊያ ፈቃድ ማግኘት እንዲችሉ መንገድ ከፈተ። እንግዳው ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የሚያበስልና አብሮ የሚመገብ ከሆነም ጉዳዩ እንደ ምግብ ቤት ንግድ ስለማይቆጠር የተለየ ማዕድ ቤት አያስፈልግም አለ። በዚህ ውሳኔ አንድም አዲስ ሕግ አልወጣም፤ የአንድም ሕግ ቃል አልተለወጠም። በ2003 ማዕከላዊው መንግሥት በገበሬዎች ላይ ተጥሎ የነበረውን የ33 ካሬ ሜትር ግዴታ በመላ አገሪቱ አነሳ። በ2016 ደግሞ ዕድሉ ገበሬ ላልሆኑ የገጠር ነዋሪዎችም ተሰጠ።

ዛሬ እንግዳው የሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ የሚሰጠው በአንድ በኩል በዚህ ሰርኩላር ምክንያት ነው። አብሮ ማብሰል ባህልን ማሳያ ብቻ ሳይሆን የፈቃዱ መሠረት ጭምር ነው። ቡድኑ ትንሽ የሚሆንበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቤቱ የቤተሰብ መኖሪያ ነው፤ አስተናጋጆቹም አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ቤት በብዛት የሚቀበለው ከአራት ወይም ከአምስት የማይበልጡ ሰዎችን ነው። አሥር ሰዎች ያሉት ቡድን ለሁለት ወይም ለሦስት ቤት ይከፋፈላል።

ቆይታው የሚጀምረው ጌንካን ከሚባለው የቤቱ መግቢያ ነው። ጌንካን ከወለሉ ዝቅ ያለ ሥፍራ ሲሆን ጫማ እዚያ ይወልቃል፤ የጫማው አፍንጫም ወደ በሩ ተመልሶ ይቀመጣል። በእንጨት ወለል ላይ ነጠላ ጫማ ይደረጋል። ከሣር የተሠራው ታታሚ ምንጣፍ ላይ ግን በካልሲ ወይም በባዶ እግር ብቻ ይገባል። ለመጸዳጃ ቤት ደግሞ ሌላ ነጠላ ጫማ አለ። የመጸዳጃውን ነጠላ ጫማ አድርጎ ሳሎን መግባት የውጭ አገር እንግዶች ዘወትር የሚሠሩት ስህተት ነው፤ ባለቤቶቹ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። እንግዶች አስተናጋጆቻቸውን «እናቴ»፣ «አባቴ» በሚሉት የጃፓንኛ ቃላት መጥራት የተለመደ ነው። ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት ለሚከብደው ኢትዮጵያዊ ይህ አያስቸግርም።

የሥራው ዓይነት እንደ ወቅቱ ይለያያል። በግንቦትና በሰኔ ሩዝ ይተከላል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይታጨዳል። ከነሐሴ ጀምሮ ወይን ይለቀማል። በክረምት ሚሶ የተባለው የአኩሪ አተር ብሉኮ ይዘጋጃል። (እዚህ ክረምት ሲባል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የቅዝቃዜ ወቅት መሆኑ ልብ ይሏል።) በኦይታ አዘውትሮ የሚቀርበው ዳንጎጂሩ የተባለ ወጥ ነው። የስንዴ ሊጥ በእጅ እየተለጠጠ ከአትክልት ጋር በሚሶ መረቅ ይቀቀላል። ሊጡን የመለጠጡ ሥራ ለእንግዳ የሚተው ሲሆን ከእንጀራ ጋገራ የቀለለ ነው።

ኢትዮጵያዊ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የገበታ ሥርዓት አለ። በእኛ ዘንድ ጉርሻ የፍቅር መግለጫ ነው። በጃፓን ግን አንዱ በመመገቢያ እንጨቱ የያዘውን ምግብ ሌላው በራሱ እንጨት መቀበል ፈጽሞ አይደረግም። ምክንያቱም የሟች አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተ ዘመድ አጥንቱን የሚቀባበለው በዚሁ አኳኋን ነው። እንጨቶቹን ሩዝ ላይ አቁሞ መተውም ለሙታን ከሚቀርብ ምግብ ጋር ስለሚያያዝ ነውር ነው። ማጉረስ የፈለገ ሰው ምግቡን በትንሽ ሰሃን አድርጎ ቢያቀርብ ይሻለዋል።

የመታጠቢያው ሥርዓትም ማብራሪያ ይሻል። በገንዳው ውስጥ የተሞላው ሙቅ ውሃ የመላው ቤተሰብ ነው፤ ከእንግዳው በኋላ ሌሎቹ ይገቡበታል። ስለዚህ ሰውነት በሳሙና የሚታጠበው ከገንዳው ውጭ ነው። ከተለቀለቁ በኋላ ወደ ገንዳው ገብቶ መዘፍዘፍ ይቻላል፤ ሲወጡ ውሃው አይደፋም። ኦይታ በፍል ውሃ የታወቀ ክፍለ ሀገር በመሆኑ አስተናጋጆቹ እንግዶቻቸውን ወደ ሕዝብ ፍል ውሃ መውሰድም ያዘወትራሉ። በእነዚህ ሥፍራዎች ንቅሳት ያለው ሰው እንዳይገባ የሚከለክሉ ብዙዎች ናቸው። ንቅሳት በጃፓን ከወንጀለኛ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ነው። በ2013 በሰሜናዊቷ ሆካይዶ አንዲት የኒውዚላንድ ማኦሪ እናት ፊታቸው ላይ ባለው ባህላዊ ንቅሳት ምክንያት ከአንድ ፍል ውሃ መከልከላቸው በመላ አገሪቱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በአንገታቸውና በግንባራቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው ኢትዮጵያውያን ይህን ቀድመው ለአስተናጋጁ ቢነግሩ ከማያስፈልግ እፍረት ይድናሉ።

ጾምን የሚመለከተው ጉዳይም በጊዜ ካልተነገረ አስቸጋሪ ነው። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ዳሺ በሚባል መረቅ የሚሠራ ሲሆን መረቁ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። በጾም ወቅት ዓሣ የማይመገብ ሰው ከባሕር ሣር ብቻ የተሠራ መረቅ እንዲዘጋጅለት መጠየቅ ይችላል። የእስልምና ተከታዮች ከአሳማ ሥጋ በተጨማሪ በማጣፈጫነት የሚገቡትን ሚሪንና ሳኬ የተባሉ የአልኮል መጠጦች ማሰብ አለባቸው። የገጠር አስተናጋጅ የምታበስለው ከጓሮዋ ያገኘችውን ነው፤ ሱቁ ሩቅ በመሆኑ በዕለቱ የሚቀርብ ጥያቄ ያስጨንቃታል። ጥያቄው ሲመዘገቡ በጽሑፍ መቅረብ ይኖርበታል። ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ የሚፈልግ ሰው በዋካያማ ክፍለ ሀገር ኮያሳን ተራራ ላይ በሚገኙ የቡድሃ ገዳማት ማደር ይችላል፤ በዚያ የሚቀርበው ባህላዊ የመነኮሳት ምግብ ሥጋና ዓሣ የለበትም።

ስጦታ ይዞ መሄድ ደንብ ነው። የተቆላ ቡና ከኢትዮጵያ ለሚሄድ እንግዳ የተመቸ ነው፤ ጃፓኖች የኢትዮጵያን ቡና «ሞካ» በሚለው ስም ያውቁታል። ጥሬ ቡና ግን የዕፅዋት ኳራንቲን ምርመራ ይጠብቀዋል። ቋንጣና ሌላ የሥጋ ውጤት ያለ ምርመራ የምስክር ወረቀት ማስገባት ደግሞ የተከለከለ ሲሆን ቅጣትም ያስከትላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተጓዥ ከመነሳቱ በፊት ቪዛ ማግኘት እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም።

ኦይታ ለአገራችን የልማት ባለሙያዎች ፈጽሞ አዲስ ስም አይደለም። በ1979 በወቅቱ ገዥ በሞሪሂኮ ሂራማትሱ የተጀመረው «አንድ መንደር አንድ ምርት» ንቅናቄ የተወለደው በዚሁ ክፍለ ሀገር ነው። ይኸው ሐሳብ በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተሞክሯል። በእንግዳ አቀባበል ረገድም በሰሜን ወሎ መቄት የአካባቢው ኅብረተሰብ ተጓዦችን የሚያስተናግድባቸው ማረፊያዎች ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ተሠርተዋል። ልዩነቱ በመቄት እንግዳው የሚያድረው ለእርሱ ተብሎ በተሠራ ጎጆ ሲሆን በአጂሙ ግን በቤተሰቡ ጣሪያ ሥር መሆኑ ነው።

አጂሙ ውስጥ ላደረ እንግዳ በየቆይታው ማኅተም የሚመታበት ካርድ ይሰጠዋል። አንድ ጊዜ ያደረ የሩቅ ዘመድ ነው፤ አሥር ጊዜ ያደረ እውነተኛ ዘመድ ይሆናል። ካርዱን የሚያትሙት በዕድሜ የገፉ እጆች መሆናቸው ግን ሊሸሸግ አይችልም። የጃፓን ሕዝብ ቁጥር በ2008 ወደ 128 ሚሊዮን ገደማ ከደረሰ በኋላ እየቀነሰ መጥቷል። ዋነኛ ሥራቸው ግብርና የሆኑ ሰዎች አማካይ ዕድሜ 70 ዓመትን ሊደፍን ተቃርቧል። በ2014 የወጣ አንድ የባለሙያዎች ሪፖርት 896 የአካባቢ አስተዳደሮች ወደፊት ሊጠፉ እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር፤ በ2024 በተደረገው ክለሳ ቁጥሩ 744 ሆኗል።

የእንግዳ ገቢ የቤተሰቡን ኑሮ ይደጉማል። የገጠር ሴቶችም በስማቸው የሚቆጠር ገንዘብ እንዲያገኙ አስችሏል፤ ሥራውን በአብዛኛው የሚመሩት እነርሱ ናቸውና። ሆኖም የተዘጋውን ትምህርት ቤት አያስከፍትም፤ ከተማ የገባውን ልጅም አይመልስም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2020 የተዘጋው የአገሪቱ ድንበር ለግል ጎብኚዎች እንደ ቀድሞው የተከፈተው በጥቅምት 2022 ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በየገጠሩ በዕድሜያቸው ምክንያት ሥራውን ያቆሙ አስተናጋጆች ጥቂት አይደሉም። ስለሆነም በገበሬ ቤት ለማደር ያሰበ ቡድን ለአካባቢው ማኅበር ሲጽፍ ከዋጋው በፊት የሚያጣራው፣ ከዓመታት በፊት በመመሪያ መጻሕፍት ስሙ የተጠቀሰው ቤት ዛሬም እንግዳ የሚቀበል መሆኑን ነው።