ስለ ጊዜያዊ የቢልድ ኤጀንቶች የሥራ መዝገብ

ብዙ ሰዎች ተባብረው አንድ ፕሮግራም በሚጽፉበት ቦታ፥ የእያንዳንዱን ጽሑፍ እየሰበሰበ የሚያቀናብርና የሚፈትን የቢልድ ሰርቨር ያስፈልጋል። ከነዚህ ሰርቨሮች መካከል በጣም የታወቀው ጄንኪንስ ነው፤ ይህን ስም የያዘውም እ.ኤ.አ. በ2011 ሁድሰን ከተባለው ፕሮግራም በተለየ ጊዜ ነው። ጄንኪንስ ሥራውን ሁሉ ራሱ አይሠራም፤ ኤጀንት ለሚባሉ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ያከፋፍላል እንጂ።

ቀድሞ ኤጀንቱ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ቋሚ ኮምፒዩተር ነበረ። ምን ሲሠራ እንደ ቆየ ለማወቅ የፈለገ ሰው፥ በጄንኪንስ ውስጥ የኤጀንቱን ገጽ ከፍቶ ዝርዝሩን ያነባል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኮምፒዩተርን በሰዓት ማከራየት ከጀመረ ወዲህ ግን ኤጀንቱ እንደ ቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ሥራ ሲበዛ ይቀጠራል፥ ሥራ ሲያልቅ ይሰናበታል። ሲሰናበትም ገጹ አብሮት ይጠፋል። ካቦው ስም ካልመዘገበ፥ ማን ምን እንደ ሠራ ማታ የሚያውቅ የለም።

መዝገቡ የሚያስፈልግበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኤጀንት ለመነሣት 4 ደቂቃ፥ ለሥራ 6 ደቂቃ ወስዶ፥ ሌላ ሥራ ሲጠብቅ 30 ደቂቃ ያለ ሥራ ቢቀመጥ፥ ኪራይ የሚከፈለው ለ40 ደቂቃ ነው። ለቢልዱ የዋለው ግን ከመቶ 15 እጅ ብቻ ነው። ደረሰኙ 40ውን እንጂ 6ቱን አያሳይም።

ሁለተኛውና የሚከብደው ምክንያት እምነት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 እንደ ታወቀው፥ ሰርጎ ገቦች ሶላርዊንድስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቢልድ ሥራ ውስጥ ገብተው፥ ኦሪዮን በሚባለው ፕሮግራም ላይ የተንኮል ጽሑፍ ጨመሩ፤ ይህም እስከ 18,000 ለሚደርሱ ደንበኞች ተላለፈ። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲነሣ የሚቀድመው ጥያቄ፥ «በዚህ ኮምፒዩተር ላይ መቼ ምን ተሠራ?» የሚል ነው። ኤጀንቱ ከጠፋ በኋላ መልሱ የሚገኘው ከመዝገብ ብቻ ነው።

መዝገቡን ለማዘጋጀት ሁለት ምንጮችን ማገናኘት ያሻል። የመጀመሪያው ክላውድትሬይል የተባለው የአማዞን መዝገብ ነው፤ ኮምፒዩተሩ መቼ እንዲነሣና መቼ እንዲዘጋ እንደ ታዘዘ ይናገራል። ነገር ግን ለብቻው እንዲቀመጥ ካልተደረገ፥ ወደ ኋላ የሚያሳየው 90 ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው ጄንኪንስ ለእያንዳንዱ ቢልድ የሚያስቀምጠው ፋይል ሲሆን፥ ሥራው የተሠራበት ኤጀንት ስም በዚያ ይገኛል፤ በፓይፕላይን ለተሠራው ግን ስሙ ከሎጉ ውስጥ ይፈለጋል። በጄንኪንስ የኢሲቱ ፕለጊን የሚነሣ ኤጀንት በስሙ ውስጥ የኮምፒዩተሩን መለያ ቁጥር ስለሚይዝ፥ ሁለቱ መዝገቦች በዚህ ቁጥር ይጋጠማሉ። ክላውድትሬይል የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፥ ለአዲስ አበባ 3 ሰዓት መጨመር መዘንጋት የለበትም።

ይሁን እንጂ አሮጌ ቢልዶች እንዲደመሰሱ በታዘዘበት ሰርቨር ላይ የጄንኪንሱም ፋይል በጊዜው ይጠፋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው፥ እያንዳንዱ ቢልድ ሲጀምርና ሲፈጽም የኤጀንቱን ቁጥር፥ የተነሣበትን ኢሜጅ፥ የሥራውን ስምና ሰዓቱን ከሰርቨሩ ውጭ ወዳለ ዳታቤዝ መላክ ነው። የሚያልፍ ሠራተኛ ታሪኩ መጻፍ ያለበት ሳይሰናበት ነው።