የዓባይ ሸለቆ የእግር መንገዶችና የነጋዴው ድርሻ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አልፎ ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ሁሉ፣ በስተ ቀኙ ያለው ምድር እየተቈረሰ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ሳያይ አያልፍም። ነገር ግን ከዚያ አፋፍ ተነሥተው ከወንዙ ዳር ስለሚደርሱት የእግር መንገዶች የሚያስብ ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ እነዚህ መንገዶች ለአገሩ ንግድ ምን ሊጠቅሙ እንደሚችሉ፣ ካልተጠበቁም ምን እንደሚጠፋ ለአባሎቻችን ማመልከት ነው።

የአገሩ አቀማመጥ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ፣ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ ዞሮ ጎጃምን እንደ መቀነት ይከብባል። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጉንደ ወይን የምትገኘው በዚህ ዙሪያ በሰሜን ምሥራቁ በኩል ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ በስተ ደቡብ ምዕራብ ቆሞ ውሃውን ለገባሮቹ ያከፋፍላል፤ በስተ ሰሜን ደግሞ ዓባይ የወረዳውን ምድር ከደቡብ ጎንደር ይለየዋል።

ስለዚህ ከአፋፉ ወደ ወንዙ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ጉዞ ከአንዱ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ጠዋት የጤፍና የገብስ ማሳ ትቶ ይነሣል፤ ቀትር ላይ በማሽላና በግራር መካከል ያልፋል፤ ከወንዙ ሲደርስ ቆላ ገብቷል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ማዶውን ለሚመለከት፣ ገደሉ እንደ ደረጃ በደረጃ ላይ ተደራርቦ፣ ውሃውም ከታች እንደ ክር ቀጥኖ ይታየዋል።

በአካባቢው ጥንታዊ ሥፍራም አይታጣም። በስተ ምሥራቅ መርጡለ ማርያም ከጥንታዊ ገዳምነቷ ሌላ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ የተገነባ የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ ይገኝባታል። ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስም በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት የታወቁ ናቸው።

መንገዱን የረገጠው ነጋዴ ነው

እነዚህን መንገዶች መሐንዲስ አልቀየሳቸውም። የጠረጓቸው የሲራራ ነጋዴ፣ በቅሎውና አህያው ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከምፅዋ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ ጎጃም የሚወርደው ንግድ ዓባይን እየተሻገረ እስከ ጉድሩና እስከ እናርያ ይደርስ ነበር። ራሱ በንግድ ሥራ ያደገው እንግሊዛዊው ቻርለስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃምን በጐበኘ ጊዜ፣ በደቡብ ጎጃም ያለውን የባሶን ገበያ አይቶ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣ ነበር፤ መገበያያውም አሞሌ ጨው ነበር። ሰው ራሱ እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበረም መሸሸግ አይገባም።

በሰሜን በኩልም የሞጣና የእነሴ ሰው ከማዶው የእንዳቤት ሰው ጋር በገበያ፣ በጋብቻና በለቅሶ የሚገናኘው ወንዙን ተሻግሮ ነው። ክረምት ሲገባ ዓባይ ሞልቶ መሻገሪያውን ስለሚዘጋ፣ ድልድይ የሌለው ገበያ ግማሽ ገበያ ነው። ይህንንም የሰባራ ድልድይ ታሪክ ከማናቸውም ነገር ይልቅ ያስረዳል።

ሰባራ ድልድይ

ከሞጣ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ የሚገኘው ይህ የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ባለው ጊዜ፣ እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ተቈረጠ፤ ስሙም ከዚያ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ መንገደኛው በተሰበረው ክፍተት ላይ የሚሻገረው፣ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ሰዎች በገመድ እየጎተቱት ነበር።

የዚህ አሻጋገር ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ፎቶግራፉን እ.ኤ.አ. በ2001 አይቶ፣ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የእርዳታ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002ም ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ። በ2005 የመጣው ጎርፍ ግን አዲሱን ሥራ ጠርጎ ወሰደው። በመጨረሻ በ2009 ከውሃው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ በአጠገቡ ተሠራ። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ሥራ ካሠራ፣ ቦታውን በእግሩ ሄዶ ያየ እንግዳ ምን ያህል ወዳጅ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የታካሊ ነጋዴዎች ምሳሌ

በኔፓል አገር በካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ሸለቆ ታካሊ የሚባሉ ነጋዴዎች ነበሩ። ሥራቸው የቲቤትን ጨው ከቆላው እህል ጋር መለወጥ ሲሆን፣ ኑሯቸው ከእኛ የአሞሌ ነጋዴዎች ኑሮ ብዙ የራቀ አልነበረም። ከ1959 እ.ኤ.አ. በኋላ የቲቤት ንግድ ሲደክምባቸው ብዙዎቹ ቤታቸውን የመንገደኛ ማረፊያ አደረጉት። ከዓለም ዙሪያ የመጣ እግረኛ የድሮውን የጨው መንገድ ሲከተል፣ ምግብና አልጋ እየሸጡለት በአዲስ ንግድ ጸኑ።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። የመኪና መንገድ ወደ ሸለቆው በገባ ጊዜ እግረኛው አቧራውን ሸሽቶ ቀነሰ። ከዚህም የተነሣ ከመኪናው መንገድ የራቁትን የቀድሞ መንገዶች በቀለም ምልክት እየለዩ እንደ ገና መክፈት አስፈለገ። የመኪና መንገድ የሚጠላ ነጋዴ የለም፤ መድኃኒትም ማዳበሪያም የሚደርሰው በርሱ ነው። ነገር ግን የእግር መንገድ የሚጠበቀው በመረገጥ ነውና፣ ሰው የተወው መንገድ በጥቂት ክረምት በጎርፍ ተቦርቡሮ በቍጥቋጦ ይዘጋል። መኪናው ሳይደርስ የትኛው መንገድ ለእግረኛ እንደሚቀር መለየት፣ ኋላ ፈልጎ ከማውጣት ይቀላል።

በአገራችንም አብነት አለ። በሰሜን ወሎ በመቄት ገበሬዎች ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ ባሉት ዓመታት በማኅበር ማረፊያ ጎጆ ሠርተው እግረኛ ጐብኚዎችን ሲያስተናግዱ ቆይተዋል።

ለእያንዳንዱ ነጋዴ የሚደርሰው

ባለሱቅ ሆይ፤ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ስንቅ ናቸው። በንጹሕ ታሽገው፣ ዋጋቸው ተጽፎ ቢቀርቡ ከውጭ ከሚመጣው ብስኩት የሚያንሱበት ምክንያት የለም። አስመጪው ለጭንጫ መንገድ የሚሆን ጫማ፣ ድንኳንና የእጅ ባትሪ ሲያመጣ፣ ለጐብኚው ብቻ ሳይሆን ለመሪውም የሚበቃ ዋጋ ያስብ። ላኪውም ማርንና ዕጣንን በተገኙበት ሸለቆ ስም ቢሸጥ፣ ቦታውን አይቶ የተመለሰ ደንበኛ ስሙን አይረሳም።

ከሁሉ በፊት ግን ደንብ ያስፈልጋል። የመሪና የባለበቅሎ ተራ በአካባቢው ሰው ተወስኖ ዋጋው በግልጽ ይለጠፍ። ወደ ገዳም የሚገባ እንግዳ አስቀድሞ ያስፈቅድ። የጉዞው ወራት ወንዙ ከጐደለ በኋላ እንዲሆን፣ በሚያዝያና በግንቦት ከቆላው ሙቀት የተነሣ በማለዳ መነሣት እንደሚሻል ይነገረው። ከወንዙ ዳር ወባም አዞም ስላለ፣ መሻገር በድልድይ፣ ማደርም ከአፋፉ ላይ ይሁን።

የዛሬው ችግር

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ገበያውንም መንገደኛውንም ክፉኛ ስለ ጐዳ፣ ደኅንነቱ ባልተረጋገጠ አገር እንግዳን ኑ ብሎ መጥራት ከአንድ ሐቀኛ ነጋዴ አይጠበቅም። ሰው ዕቃውን ከጉንደ ወይን ሞጣ ለማድረስ በሚሰጋበት ጊዜ ስለ ሽርሽር መናገር ቅንጦት መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ መንገዶቹን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬ አሉ። የትኛው ቁልቁለት ወደ የትኛው መሻገሪያ እንደሚወስድ፣ ምንጩ የት እንደሆነ፣ ጭነት የሚያርፍበት ዛፍ የቱ እንደሆነ ከእነርሱ ጠይቆ መጻፍ ገንዘብ አይፈጅም።

ስለዚህ በየከተማው ያሉ አባሎቻችን ይህን እውቀት ከወዲሁ እንዲሰበስቡ እናሳስባለን። ሰላም በወረደ ማግስት የሚቀድመው ስንቁን አስቀድሞ የቋጠረ ነጋዴ ነውና።