ግድግዳ አሻግሮ የሚያይ ዓይን በ500 ብር!

እስቲ በሞቴ መልሱልኝ! ከግድግዳ ጀርባ የተደበቀን ሰው የሚያሳይ ዓይን፣ ቃታ በተሳበ ቁጥር ግንባር የማይስት እጅ በ500 ብር ቢሸጥ ትገዛላችሁ? «ምን በወጣን!» የምትሉ አላችሁ። «የሻጩን ቁጥር ላክልን» የምትሉም አትጠፉም፤ አውቃችኋለሁ።

የደብተራ መድኃኒት እያወራሁ አይደለም። ነገሩ የስልክ ጨዋታ ነው። ፐብጂ፣ ፍሪ ፋየር፣ ኮል ኦፍ ዲውቲ የሚባሉት የተኩስ ጨዋታዎች። ልጃችሁ እኩለ ሌሊት ላይ «ከኋላህ! ከኋላህ!» እያለ ሲጮህ ሰምታችሁ የምትደነግጡ ወላጆች፣ ሰበቡ ይኸው ነው። በፐብጂ እስከ 100 ሰው ከያለበት አገር በኢንተርኔት ይገናኝና ከአውሮፕላን በጃንጥላ ይወርዳል። መሣሪያ ይለቃቅማል፣ ይታኮሳል፣ መጨረሻ ላይ በሕይወት የተረፈው ያሸንፋል። ሽልማቱ ማዕረግ ነው። ማዕረጉ ዳቦ አይገዛም፤ በእኩዮች መካከል ግን ያስከብራል።

ታዲያ ይህን ማዕረግ ሳይለፉ ለማግኘት የሚሸጠው ፕሮግራም «ሀክ» ይባላል። አሠራሩን ስሙኝ። ባላጋራችሁ ከግድግዳ ጀርባ ቢሆንም፣ የት እንደቆመ ስልካችሁ ቀድሞ ያውቃል። ሰውዬው ብቅ ሲል ወዲያው ሊያሳያችሁ ስለሚገባው የግድ ማወቅ አለበት። ሀኩ የስልኩ ማስታወሻ ውስጥ ገብቶ ይህን ምስጢር ይሰርቅና ሰውየውን በመስመር ከቦ ያሳያችኋል። ይህን ዎልሀክ ይሉታል። ኤምቦት የሚሉት ደግሞ ኢላማውን ራሱ ይይዝላችኋል፤ የእናንተ ድርሻ ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው። (ጨዋታው ታዲያ የቱ ጋ እንዳለ ንገሩኝ!)

ስለዚህ ጉዳይ ያጫወተኝ ወጣት የሽንዲ ልጅ ነው። ስሙ ይቆየን። ሽንዲን የማታውቁ ካላችሁ፣ የምዕራብ ጎጃሟ ወምበርማ ወረዳ ከተማ ናት፣ የቡሬ ጎረቤት፣ የበቆሎና የበርበሬ አገር። ልጁ 21 ዓመቱ ነው። 12ኛን ጨርሶ ከታላቅ ወንድሙ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራል። ስልኩ የሱቁም ስልክ ነው። የገበሬው ሒሳብ የሚከፈልበት ቴሌብር እዚያው ላይ አለ።

«ጋሼ፣ ሰው ዝም ብሎ ሌባ አይሆንም እኮ» አለኝ ገና ስንጀምር። እኔም አላቋረጥኩትም።

እንደነገረኝ ከሆነ፣ ከቡሬና ከባሕር ዳር ልጆች ጋር አራት ሆነው ይጫወቱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። ከአራቱ አንዱ አዲስ አበባ ገብቶ ስለነበር መጫወቱን ቀጠለ። የሽንዲው ልጅ ኔት ሲመለስለት ያ ጓደኛው ሰማይ ደርሷል፤ እርሱ ግን እጁ ደንዝዟል፣ ጨዋታውም ተለውጧል። «መሳቂያ ሆንኩ» አለኝ። በዚያ ላይ የመስመሩ ነገር አለ። ፐብጂ ሞባይል ከሚያቀርባቸው ሰርቨሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የሚል የለም። የሽንዲ ልጅ ጥይት መካከለኛው ምሥራቅ ወይም አውሮፓ ደርሶ መመለስ አለበት። ኔትወርኩ ሲደክም እርሱ የተኮሰበት ሰው አልፎ ይሄዳል፤ እርሱ ግን ቆሞ ይመታል። እውነት ለመናገር ይህ ያናድዳል። ንዴቱን አልፈርድበትም።

ከዚያ አንድ የቴሌግራም ቻናል አገኘ። «የማይታገድ፣ 100 ፐርሰንት ሴፍ» የሚል። 500 ብር ላከ፣ ፋይል ተላከለት። ከፋይሉ ጋር የመጣው መመሪያ ነው እኔን ያስደነገጠኝ። የስልኩን የቫይረስ ጥበቃ አጥፋ ይላል! የሚጠይቅህን ሁሉ ፍቀድ ይላል! የጠየቀው ምን መሰላችሁ? ስክሪኑን ለማየት፣ የአድራሻ ዝርዝሩን ለመክፈት፣ ኤስኤምኤስ ለማንበብ። ለተኩስ ጨዋታ ኤስኤምኤስ ምን ይሠራለታል? ቤቱን የሚጠብቀውን ውሻ እሰር፣ በሩን ክፈት፣ ቁልፉን ስጠኝ የሚል እንግዳ መጣ ማለት እኮ ነው!

«ሦስት ቀን ነገሥኩ» አለኝ። በአራተኛው ቀን ጨዋታውን ሲከፍት ለ10 ዓመት ታግደሃል የሚል ጽሑፍ ጠበቀው። የፐብጂ ሞባይል የተለመደ ቅጣት ነው ይኸ። «እስከ 31 ዓመቴ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን አያስቅም።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ኩዌት ያለችው አክስቱ ደወለች። «ተሻለህ ወይ የኔ ጌታ?» አለችው እያለቀሰች። በእርሱ ቴሌግራም፣ በእርሱ ፎቶ፣ «አክስቴ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ለቤት እንዳትናገሪ፣ መደወል አልችልም» የሚል መልእክት ደርሷት ኖሯል። በሰው ቤት ተቀጥራ ካጠራቀመችው 20,000 ብር ተልኳል፤ የተላከበት አካውንት ደግሞ የማታውቀው ሰው ነው። የቴሌግራም መግቢያ ኮድ በኤስኤምኤስም ሊመጣ ይችላል፤ ኤስኤምኤሱን እንዲያነብ የተፈቀደለት ደግሞ ያ ፋይል ነው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይምጣ?

ይህ የሽንዲ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይና ውስጥ የፐብጂ ሀክ ሠርተው የሸጡ 15 ሰዎች ተይዘው ወደ 30 ሚሊዮን ዩዋን ሲቀጡ፣ ከሀኮቹ አንዳንዶቹ የገዢውን ኮምፒውተር የሚቆጣጠርና መረጃውን የሚያሾልክ ቫይረስ እንደነበረባቸው የጨዋታው ባለቤቶች ተናግረዋል። በ2021 ደግሞ የኮል ኦፍ ዲውቲ ባለቤት አክቲቪዥን፣ የጨዋታ ሀክ መስሎ የሚሰራጭ ቫይረስ መኖሩን አስጠንቅቋል። እዚያም ዘዴው አንድ ነው፤ ጥበቃህን አጥፋ ይልሃል። ተጫዋቹ ሀክ እንዲህ ነው ብሎ ስለሚያምን ያጠፋል።

ሻጮቹማ ከብረዋል! በዚያው በ2021 የቻይና ፖሊስ የያዘው አንድ የሀክ ቡድን 76 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ እንደነበረው ተነግሯል፤ ከተወረሰባቸው ንብረት መካከል የቅንጦት መኪኖች ነበሩ። በ2024 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሌላውን ሻጭ ለአክቲቪዥን 14.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ፈርዶበታል። የእናንተ 500 ብር የት እንደሚሄድ አያችሁ?

አንድ ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ሻንጋይ ላይ በካውንተር ስትራይክ ውድድር አንድ የሕንድ ተጫዋች በመድረክ ላይ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ሀኩን የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም የሚመስል ስም ሰጥቶት ነበር። ዳኛው ሊፈትሽ ሲጠጋ ፋይሉን ሊያጠፋ ሲሯሯጥ ታየ። እርሱ አምስት ዓመት ታገደ፤ ይሁን፣ የእጁን ነው ያገኘው። ግን ቡድኑም ፈረሰ። አብረውት የለፉት ልጆች ምን በደሉ?

የሽንዲውም ልጅ የቡሬ ጓደኛውን አጥቷል። የቡሬው ልጅ የእውነት ጎበዝ ነው አሉ። አንድ ቀን አራት ሰው በተከታታይ ሲጥል ያየው የኛው ልጅ «አንተም ገዛህ እንዴ?» ብሎ በሌሎቹ ፊት ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሀክ ያየ ሰው ጎበዙን ሁሉ ይጠረጥራል። ደካማ ኔትወርክ ያለበት ሰው ስክሪን ላይ እየዘለለ ሲታይ ሀከር ይመስላል፤ ስለዚህ ከመክሰሳችሁ በፊት የግጥሚያውን ቅጂ ደግማችሁ እዩ። ኢላማው ግድግዳ ላይ ተተክሎ፣ ያልታየውን ሰው እግር በእግር ሲከተል ካያችሁ ያን ጊዜ ሪፖርት አድርጉ።

«በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር የቀላቀለ ብናገኝ ወንድሜ ገበያ መሐል ነው ስሙን የሚያነሳው» አለኝ ልጁ። ራሱ ነው የተናገረው፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

ይህን ፋይል የጫናችሁ ካላችሁ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ዳታውንና ዋይፋዩን ዝጉ። በሌላ ስልክ ለቤተሰብ በድምፅ ደውሉና «በእኔ ስም ገንዘብ ቢጠየቅ እንዳትልኩ» በሉ። ፎቶአችሁን አስቀምጡና ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሱት። ከዚያ የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥራችሁን ቀይሩ። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስ» የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁትን ስልክ ሁሉ አስወጡ፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አብጁ። ገንዘብ ከሄደ ለባንኩም ለፖሊስም በዚያው ቀን አመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። «ሀክ ገዝቼ ነው ብዬ እንዴት ልክሰስ» ብላችሁ አትፈሩ፤ ዝም ስትሉ የሚጠቀመው ሌባው ነው።

ልጁ እኔን የፈለገበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። አክስቱ «ተሻለህ ወይ?» ስትለው ደንግጦ «አዎ፣ ተሻለኝ» ብሏታል። እርሷም ድኖልኛል ብላ ለማርያም የተሳለችውን ጧፍ እንዲያገባላት አደራ ብላዋለች። ሃያ ሺውን ከደመወዙ ቀስ ብሎ ሊመልስ አስቧል። «እውነቱን ልንገራት ወይስ ብሩን መልሼ ዝም ልበል?» ነው ጥያቄው።

«ንገራት!» አልኩት። ሌባው አንዴ የከፈለ ሰው ቁጥር አይጥልም፤ የአክስትህ ቁጥር እጁ ላይ ነው። አሁን ታምሞ ድኗል ብላ ካመነች፣ ነገ «በሽታው አገረሸብኝ» ሲላት እንደገና ትልካለች። ማፈሩን ተወውና ደውል፣ በጽሑፍ አትላክ፣ ድምፅህን ትስማ።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ የዕረፍት ቀኗ ዓርብ መሆኑን ነገረኝ። ይህን ስጽፍ ሐሙስ ማታ ነው።