ቀለሃው ምን ይላል?

ውጭ አገር የአገር ልጅ ቤት ገብታችሁ ከረከቦቱ ማዶ በእጅ የሚጫን ትንሽ የብረት መሣሪያ ብታዩ አትደንግጡ። ሰውየው የተኩስ ክለብ አባል ነው፣ የሽጉጥ ፈቃድም አለው፤ የተኮሰውን ጥይት ቀለሃ ለቅሞ እንደገና ይሞላል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይዞር በነበረበት ዘመን ባዶ ቀለሃም ዋጋ ነበረው። ያኔ ግን የሚሞላው ጥቁር ባሩድ ነበር፤ ቀለሃውም ለእሱ ተለክቶ ስለተሠራ ሙሉውን ይችለዋል። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ በጥቂቱ ብዙ ጉልበት አለው።

38 ስፔሻል የሚባለው ጥይት በ1890ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የታሰበው ለጥቁር ባሩድ ስለነበር፣ ዛሬ የሚገባበት ባሩድ ታችኛውን ክፍል ብቻ ይሸፍናል። ስልክ ጠርቶት የተዘናጋ ሰው ሁለቴ ቢሞላው እንኳ አይፈስምና ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አረሩን ከመግጠም በፊት ቀለሃዎቹን ደርድሮ በባትሪ አንድ በአንድ ውስጣቸውን ማየት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይቀመጥ፤ መጠኑም ከአምራቹ ሰንጠረዥ ይወሰድ፣ ከዝቅተኛው ይጀመር።

በባለ 9 ሚሊሜትሩ ጥይት ደግሞ ጠንቁ አረሩ የሚገባበት ጥልቀት ነው። አረሩ ትንሽ አልፎ ከገባ ቦታው ይጠብና ግፊቱ ይንራል። የአውሮፓ መለኪያ የሚፈቅደው ጣሪያ 2,350 ባር ነው፤ የመኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ገደማ ይይዛል።

ከተኩስ በኋላ የቀለሃውን መቀመጫ አገላብጡ። የመለኮሻዋ (መርፌው የሚመታት፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ክፍል) ጠርዝ ድቡልቡልነቱን ጥሎ ተዳምጦ ከሆነ፣ መርፌው የመታበት ጉድጓድ ዙሪያው ካበጠ፣ በመለኮሻዋ ዳር ጥላሸት ከወጣ፣ ቀለሃው ከታች ከተነፋ ወይም በግድ ከወጣ ግፊቱ በዝቷል። የጎኑ ጥላሸት ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒውን ይናገራል፤ ቀለሃው በደንብ ሳይለጠጥ ጋዙ ወደ ኋላ አፈትልኳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ እነዚህ ምልክቶች በሽጉጥ ላይ ዘግይተው ይመጣሉ። በዝቅተኛ ግፊት እንዲሠራ የተቀመረ ጥይት ልኩን አልፎም መለኮሻዋ ንጹሕ ልትመስል ትችላለች። ስለዚህ ዋናው ዳኛ ሰንጠረዡና ሚዛኑ እንጂ ቀለሃው አይደለም።

ድምፁ ከወትሮው ደክሞ «ፍስ» ካለ ደግሞ ሁለተኛ ቃታ አይሳብም፤ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ ቀጣዩ ሲመታው በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ሽጉጡ ባዶ ተደርጎ በርሜሉ ይታያል። ከተጠረጠረው ሙሌት የቀሩት ጥይቶችም አረራቸው ይነቀላል እንጂ «ተኩሼ ልሞክር» አይባልም።